ባዶ ያልሆነው ወንበር

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

የምሥራች ልንገርሽ፤ የእንጨት ሥራ ቤታችን አለቃ ሆኛለሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት እጄን ይዛ «ክረምቱ ሳይገባ ካለቃህ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ» ያለችኝን ስጽፍልሽ ስቀሽብኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ከወንበሩ አልተነቀለም።

አለቃችን የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊያይ ሲወጣ መሰላሉ ተሰብሮ ወደቀ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። መሰላሉን ከሥር የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ቢሮውን ስከፍት እሱን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሽርጡን እንደለበሰ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ያየኛል። ጸሐፊያችንን «ማን ነው የተቀመጠው?» ብላት «ኧረ ማን አለና?» ብላ ሳቀች። ስለዚህ ቆሜ ነው የምሠራው፤ ለወገብም ጥሩ ነው ይላሉ።

ትናንት የሟቹ ባለቤት መጣች። «ወንድሜ፣ ቦታው ባዕድ እጅ ባለመግባቱ ደስ ብሎኛል። ለመሆኑ መሰላሉ ላይ ሊወጣ ሲል ምን አለህ?» አለችኝ።

«ምንም አላለኝም» አልኳት።

እትዬ፣ «ጠዋት አንተ ወጥተህበት የለ፣ ይችለኛል?» ነበር ያለኝ። እኔም «ይችላል ጋሼ፣ ይውጡ» አልኩት። ጠዋት ስወጣበት ግን መሰላሉ ሲሰነጠቅ ሰምቼ ነበር።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ስትጸልዪ ስሜን አንሺልኝ፤ ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ታናሽ ወንድምሽ