የግመሊት ጉልበት

ኅዳር 9 ቀን 1974፣ ረቡዕ

መግለጫ። በቅድሚያ የማርሽ ሙዚቃ ይሰማል። ለቤታችን ሰፊ ሕዝብ በሙሉ፦ ግመሊት በሚል ስም የምትታወቀው ላንድሮቨራችን ዛሬ ከቀትር በኋላ ዘንዘልማ ላይ በፊት ግራ እግሯ በክብር ተንበርክካለች። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። የተጎዳው የልጄ የሰላሁዲን ኩራት ብቻ ነው። መግለጫው አበቃ።

የተሰበረው ባሌስትራዋ ነው፣ ሸክሟን የሚችለው ቅስት ብረት። ከይፋግ ሩዝ ጭኖ ሲመጣ። ጆንያ አታብዛ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርሁት? እሱ ጉድጓዱን ይወቅሳል። ጉድጓዱ እኮ ከአምና ጀምሮ እዚያው ነው። አዲስ የመጣው ጆንያው ነው።

ከሩዙ ጋር መልእክት አምጥቷል። የባለቤቴ የዘይነት እኅት ሀቢባ ከይፋግ በታች ሜዳው ላይ ነው የምትኖር። ከክረምት ወዲህ ልቧ ደክሟል፣ ከቤት አትወጣም። እንዲህ በሏት ብላለች፦ «በሕይወቴ ካልመጣች ለቀብሬ መምጣቷ አይቀርም። ያኔ ግን ሻይ የሚቀዳላት የለም።»

ዘይነት ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ባለፈው ከዚያ ስትመለስ ወገቧ ተይዞ ስንት ቀን ተኝታለች... «ግመሊት ካልተሻላት አልችለውም፣ የሰላሁዲን አባት» አለችኝ። ይሻላታል አልሁ። እኔ እያለሁ ምን ይጎድላል?

ኅዳር 11፣ ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ከሰላሁዲን ጋር ዓምደ ሚካኤል ጋራዥ ሄድሁ። ይህ ሰው የቀሳውስት ዘር ነው፤ ዕጣኑን ትቶ ቅባት ውስጥ ገባ። ሥጋችንን አይበላም፣ እኛም የሱን አንበላም። ሻዩን ግን አብረን ነው የምንጨርሰው።

ለምክር ተቀመጥን። ሰላሁዲን በሁለቱም የፊት ባሌስትራዎች ላይ ተጨማሪ ብረት ይደረብ አለ፣ ጭነት እንድትችል። ትችላለች... ግን ትደርቃለች። የደረቀች መኪና በዋናው ጠጠር መንገድ ላይ ደኅና ናት። ጉዱ ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ አሁን ደርቆ ኮቴው ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። በዚያ ላይ በደረቅ ባሌስትራ መሄድ ዘይነትን ሙቀጫ ውስጥ ከትቶ መውቀጥ ነው።

«ጆንያ ወገብ የለውም፣ እናትህ አላት» አልሁት።

«የሚያበላን ጆንያው ነው አባባ» አለ።

እሱም አልተሳሳተ...

ዓምደ ሚካኤል ከወደቀ ላንድሮቨር የፈታው ባሌስትራ አለው፣ ጥንድ። ብረቱ ሳሳ ያለ፣ ቅስቱ ገና ያልደከመ። ፈረድሁ፦ ጆንያ ይቀነስ፣ ይኸኛው ይግባ፣ ንዝረቱን የሚውጡት አሞርዛተሮችም ይለወጡ። ከጥንዱ ግን የግራው ብቻ ይበቃል። የቀኙ ነባር ባሌስትራ መቼ ተሰበረ? ያለ ጥፋቱ ከሥራ አይሰናበትም። ዓምደ ሚካኤልም «እውነትዎን ነው ሐጂ» አለ።

ጸደቀ።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ግመሊት ተነሣች። ራሴ ነዳሁ። ዘይነት ከጎኔ፣ የልጅ ልጄ ጀሊላ ከኋላ። በሐይቁ ዳር ዞረን እስከ ዓባይ ድልድይ ሄድን። ለስላሳ... እንደ ታንኳ። ዘይነት «አሁን ሀቢባ ጋ ይደረስባታል» አለች። እንደ ልጅ ደስ ብሏት።

ድልድዩ ላይ ያለው ወታደር መኪናዋን ዞሮ አየ። «አባት፣ ወደ ቀኝ ያጋደለች ምን ሆና ነው?»

እውነትም አጋድላለች። እኔም አየሁ። አፌ ግን ከዓይኔ ይቀድማል፦ «ጓድ፣ ቀኝ በኩል ማን እንደተቀመጠች አታይም? ባለቤቴን መንግሥት ይመዝንልኝ።»

ወታደሩ ሳቀ። ጀሊላ በሳቅ ፈነዳች። ዘይነትም ሳቀች። የሳቀች መሰለኝ።

ኅዳር 15

ቀልዴ ከኔ ቀድሞ ገበያ ገብቷል። ሻይ ቤት «ሐጂ፣ ግመሊት ሸክሟን ቻለች ወይ?» ተባልሁ። ጀሊላ ናት ያዳረሰችው። ጥሩ ቀልድ እግር አለው።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

ሰላሁዲን ፊቱን አጥቁሮ፣ እንደ መሐንዲስ፦ «እማ ከኋላ መካከል ላይ ብትቀመጥ መኪናዋ ሚዛን ትጠብቃለች» አለ። ይህ ልጅ ቀልድ አይገባውም። በማን ወጣ?

ዘይነት እራት አልቀመሰችም። «እኔ ቀርቻለሁ። መንገድ ላይ ብሰብርባችሁስ?» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቋን ጠበቅሁ። አልመጣም።

ሀቢባስ? ሻዩስ?

«ዓምደ ሚካኤልን ላሳየው?» አለ ሰላሁዲን።

«ተወው፣ ሥራ በዝቶበታል» አልሁ።

ኅዳር 20፣ እሑድ

ከቀበሌ ስብሰባ ስመለስ ግመሊት ግቢ ውስጥ ቆማለች። ዘይነት ኮፈኗ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ አስቀምጣ፣ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ና እስቲ፣ ይኸን እይልኝ።»

አየሁ። ሻዩ በቀኝ በኩል ከብርጭቆው አፍ ደርሷል፣ በግራ ሸሽቷል።

«መኪናዋ ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ጎንበስ ብለህ ፈትሽ። ሰኞ ስወርድ ረስቼው የሄድሁት ሥጋ ይኖር ይሆናል።»

ጀሊላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ... ዕድሜ ልኬን በሰው ስቄ፣ ጢሜን ማሻሸት ያዝሁ። እንዲህ ሲደርስ ነው ለካ ሰው ጢሙን የሚያሻሸው።

«ባዶዋን የምታጋድል መኪና እኔን ምን ትለኛለች?» አለችና ሻዩን አንሥታ ጠጣችው።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ከመቼ ጀምራ ነው እዚያ ተቀምጣ የጠበቀችኝ?

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ጋራዥ። የቀኙ ነባር ባሌስትራ ተፈታ። ዓምደ ሚካኤል ከጥንዱ ከቀረው ጎን አጋደመው። ያኛው እንደ ቀስት የተወጠረ፣ የኔው እንደ አሮጌ ጫማ የተንጋለለ። ግመሊትን ወደ ቀኝ የጣላት ይኸ ነው። ሰው አይደለም።

ጥንዱ ገባ። ብርጭቆ ውኃ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥሁ። ተስተካከለ። ዓምደ ሚካኤል ሲሠራ ያፏጫል ብቻ። ፉጨቱን ቢተውልኝ ደስ ባለኝ።

ሰላሁዲን ጆንያ ለመቀነስ ቃል ገባ። እያጉረመረመ።

ዘይነት ትሄዳለች። ከፊት ነው የምቀመጠው ብላለች። ማን ይከለክላታል?

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ። ሀቢባ ቤት

ሰላሁዲን መሪው ላይ፣ ዘይነት በቀኙ፣ እኔ ከኋላ ጆንያ ላይ። ምደባው የዘይነት ነው። ይግባኝ የለውም።

ወረታን በደኅና አለፍን። ከይፋግ ወደ ሜዳው ስንወርድ ኮቴው ጀመረ። የግመሊት አፍንጫ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ እንደሚሰግድ ሰው በዝግታ። ዘይነት መያዣውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ቆየችና አንዱን ለቀቀች። ቆየችና ሁለተኛውንም። ፊት ለፊቷ ሐይቁን ታያለች።

እኔ ከኋላ ጥርሴ ሊረግፍ። የኋላውን ባሌስትራ ማን አስታወሰው?

እዚያው ነው ያልሁት። «ዘይነት፣ አውፍ በይኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምን አልህ? ሞተሩ ይጮሃል።»

ደገምሁት።

«አልተሰማኝም።»

ጮኼ አልሁት። ሩዝ የሚያጭድ ሰው ወገቡን አቅንቶ አየኝ። የሰላሁዲን ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ከመንገዱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«መጀመሪያም ሰምቼሃለሁ። ምን ያስጮህሃል?» አለች።

ሀቢባ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ከስታለች። ሁለቱ ተያዩ። ሀቢባ በራዱን በሁለት እጇ ይዛ ሻዩን ራሷ ቀዳች። ብርጭቆው ሞልቶ ሳሕኑ ላይ ፈሰሰ። «ልርዳሽ» ያላት የለም። ዘይነት የብርጭቆውንም፣ ሳሕኑ ላይ የፈሰሰውንም ጠጣች።

የምቀልደው ነበረኝ። ተውሁት።

ኅዳር 28፣ ሰኞ

ቤት ገብተናል። የዘይነት ወገብ ደኅና ነው። የተኛሁት እኔ ነኝ፣ በሆዴ፣ ይኸንንም የምጽፈው እንደዚያው ነው። ቅቤ እያሸችልኝ «ግመሊት ወደ ኋላ አላጋደለችም ወይ?» ትለኛለች። ሻይ ቤት ደርሷል አሉ፣ ጀሊላ ናት... ከዛሬ ወዲያ በየወሩ ሀቢባ ጋ ይኬዳል ተብሏል። ማን ወሰነ? እሷ። ሰላሁዲን እንኳ አላጉረመረመም።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብሁት። ሁሉም እውነት ነው። የማርሽ ሙዚቃው ሳይቀር፤ ያን ሰዓት ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ አምጥቻለሁ። ኅዳር 11 ዓምደ ሚካኤል «እውነትዎን ነው ሐጂ» አላለም። ያለው እንዲህ ነው፦ «ሐጂ፣ የደከመ በሬ ከወይፈን ጋር ይጠመዳል? ቀንበሩ ወደ ደካማው ነው የሚያጋድል።»

ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ የተነሣ ሞተር አልነበረም። በደንብ ሰምቼዋለሁ።