ግራ እጃቸውን ያነሱት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ከደሴ ተነስተን ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ረፍዶ ነበር። ለነዳጅ ስንሰለፍ… እንደተለመደው።

ዩኒቨርሲቲያችን የሂሳብና የሳይንስ መምህራንን ማገዝ ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የእኔ ድርሻ ክፍል ገብቶ ማየት። ዛሬ የመምህርት ሂንድ ተራ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ሂሳብ። የመጨረሻ ምልከታዋ ነው። ካለፈች ለውጫሌ መምህራን አሰልጣኝ ትሆናለች። ካላለፈች ከፕሮግራሙ ትወጣለች።

ባለፈው ግማሹ ክፍል እጁን አያነሳም ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ጠየቀች፣ ሁሉም አነሳ። የጠራችው ሁሉ በትክክል መለሰ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ ለምን አናደደኝ?

ምሳ ዓሣ በላን። በደንብ አልተጠበሰም አልኩ። ሹፌራችን ሙዘይን፣ «ዶክተር፣ ዓሣውንም ገመገሙት?» አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ትናንት አንድም ልጅ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለ ክፍል የት አለ?

በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት… ብዙዎቹ ያነሱት ግራ እጃቸውን ነበር። ከእነሱ አንድም አልተጠራም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሳልነግራት ሄድኩ። ስገባ የልጆቹ ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ጥያቄው ሲመጣ እጁ ሁሉ ተነሳ። ራሴ ጠራሁ፤ ግራ እጇን ያነሳች ልጅ፣ አሪፋ። ብድግ አለች። መምህሯን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እኔ እኮ ከማያውቁት ነኝ» አለችኝ። ረጋ ብላ። የተሳሳትኩት እኔ የሆንኩ ያህል።

የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ። ለእንግዳ የተዘጋጀ ድራማ።

ሂንድን ከክፍሉ ጀርባ ይዤ ተናገርኳት። ምን ምን እንዳልኩ መጻፍ አያስፈልግም። አልካደችም፣ አላለቀሰችም። ባለፈው «ግማሹ ክፍል በድን ነው» ያልኩት ልጆቹ እየሰሙ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ እመጣለሁ በተባለ ቀን እነዚያ ልጆች ከትምህርት ይቀሩ ጀመር።

«ወላሂ፣ እንዳይቀሩብኝ ነው። እጃችሁን ካነሳችሁ ማንም አይቆጣችሁም አልኳቸው።»

ማንም ማለቷ እኔን እንደሆነ ጠየቅኳት። ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዋለ ደወለ፤ የፕሮግራሙ አስተባባሪ። ነገርኩት። «አሰናብታት እንግዲህ። አንተ ደግሞ ለማሰናበት መቼ ትሰንፋለህ?» ብሎ ሳቀ።

አልሰንፍም። ግን አንድ ነገር… ክረምት ላይ የማስተምራቸው መምህራን። «ግልጽ ነው?» እላለሁ። «ግልጽ ነው» ይላሉ፣ በአንድ ድምፅ። ፈተናው ሲመጣ ባዶ ወረቀት። ከእነሱ መካከል «እኔ ከማያውቁት ነኝ» ያለኝ ማን ነው?

ግራ እጁ ለእኔ ውሸት ነው። ለሂንድ ግን ውሸት አይደለም። ማን እንደማያውቅ ከሰሌዳው ሆና በአንድ እይታ ታያለች። አይታም ትዘላቸዋለች! ከድራማው ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሐይቅ። የባለፈው ምልከታ አይቆጠርም፣ ዛሬ እንደገና አስተምሪ አልኳት። ግራ እጁን ያነሳውን ብቻ ጠይቂ፤ መልሱን ሳይሆን የት ጋ እንደጠፋው።

«እርስዎ ቁጭ ብለው?»

«ቁጭ ብዬ። አልናገርም።»

«ይችላሉ?» አለችኝ።

አሪፋን አስነሳች። የጎነ ሦስት ማዕዘኖች ሲደመሩ 180 ዲግሪ መሆናቸውን ሰምታለች። ያልገባት… የትልቁ ጎነ ሦስት ድምር ከትንሹ ለምን አይበልጥም? ሂንድ ቀኝ እጅ ላነሱት «መልሱላት» አለቻቸው። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ልናገር ነበር። ምላሴን ነከስኩ።

ወረቀት በጎነ ሦስት ቅርጽ ቀደዱ፤ ትልቅም፣ ትንሽም። የእያንዳንዱን ሦስት ጫፎች ቆርጠው ጎን ለጎን ሲገጥሙ ትልቁም ትንሹም ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተኛ። አሪፋ አላመነችም። አፍርሳ እንደገና ገጠመችው። ደግ አደረገች፣ አትመን።

ሳይጨርሱ ተደወለ። ወለሉ ሁሉ ቁርጥራጭ ወረቀት፣ ሰሌዳው ዝርክርክ ያለ…

አለፈች። ለዋለ ነገርኩት። «አሞሃል?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ውጫሌ። የሂንድ የመጀመሪያ ሥልጠና። ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ዋለ ከጎኔ። አብዛኞቹ መምህራን በዕድሜ ይበልጧታል። እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቋታል።

ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ለልጅ በምን ታሳዩታላችሁ ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ ቀኝ፣ የማያውቅ ግራ።

ቀኝ። ሁሉም ቀኝ።

ማረጋገጫውን አውቃለሁ፤ ሰሌዳ ይሞላል። ግን ለአሪፋ… በምን? ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ለልጅ የሚሆን አላዘጋጀሁም። ግራ እጄን አነሳሁ።

ዋለ በክርኑ ጎሸመኝ። «ተሳስተህ ነው?» አላወረድኩም። መምህራኑ ዞረው አዩኝ። ከፊት አንድ ቀኝ እጅ ወረደ፣ ግራው ተነሳ። ከዚያ ሌላ።

ሂንድ እነሱን አልጠራችም።

«እሺ ዶክተር» አለች፣ «የት ጋ ነው የጠፋዎት?»