የሞዴሉ ታንክ ክዳን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ በዚህ በምገጣጥመው የጦር ታንክ ሞዴል ምርር አለኝ። ከካርቶኑ የወጣው፣ የተኳሹ መውጫ የፕላስቲክ ክዳን ከልክ በላይ ወፍራም ስለሆነ ጣልኩትና ከቲማቲም ጣሳ ስስ ቆርቆሮ ቆርጬ ሌላ ሠራሁና ዘግቼ አጣበቅኩት። በዚህ ብርድ ማጣበቂያው አልደርቅ ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ በጣቴ ተጭኜው ዋልኩ። ሲይዝልኝ ለአባቴ አሳየሁት፤ በወጣትነቱ እንዲህ ዓይነት ታንክ ይነዳ ነበር።

«ክፈተው» አለኝ።

«አባዬ፣ አሁን ገና እኮ ነው የያዘው!»

«ታዲያ ተሾመ በየት ይውጣ?»

ተሾመ ተኳሹ ነበር። ታንካቸው ሲመታ አባቴ ወጣ፤ እሱ እዚያው ቀረ።

እየተነጫነጭኩ በቢላ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ቆርቆሮው ተጣመመ። በንዴት ሌላ ልቆርጥ ስነሳ አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተወው፤ ያኔም ተጣሞ ነው አልከፈት ያለን።»