የአራተኛው ቸርኬ ግዝት

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

ሦስት! ሦስት ቸርኬ ብቻ! ሸራውን ገልጬ ስቆጥር አራተኛው የለም። ጻፊው ይታይሽ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ ጻፊው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሚስቴ ይታይሽ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥራለች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ጠዋት ታነብልኛለች። ይቺን የጃፓን መኪና ሰኔ ላይ አስፈትቼ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ማን ምን እንደወሰደ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።

ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ የስፖርት መኪና ናት። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደጄ ላይ ተበላሽታበት ሁለት ዓመት አስጠበቀኝ፤ በመጨረሻ በምስክር ፊት «ለጠበቅህበት ውሰዳት» ብሎ ፈረመልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ የለም፣ ዕቃዋን ማን ሊገዛህ ነው ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! ወንበሮቿን ጸጉር ቆራጩ ወሰዳቸው፤ ሰው ተንጋሎ ይላጭባቸዋል። ስፖኪዮዋን ሹሩባ የምትሠራዋ። ኮፈኗ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል። ክላክሷን ከነባትሪው ባለ ጋሪው ገዛና የገዛ ፈረሱን አስደነበረበት።

ቸርኬዎቹን አበጀ የሚባል ሾፌር ለታክሲው ፈልጓቸዋል። «አራቱም ካልሆኑ አልፈልግም፤ መኪናዬ በርጩማ አይደለችም በሦስት እግር የምትቆም» አለኝ። ልክ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 4

መኪናዋን የፈታት ስማቸው የሚባለው መካኒክ ነው፤ ከቤታችን ቀጥሎ ያለው ጋራዥ የእሱ ነው። ከእሱ በቀር የነካት የለም። ሄድኩና ሠራተኛውም ደንበኛውም በቆመበት ጠየቅሁት።

«ጋሽ ቢረሳው፣ ሌባ ነህ እያሉኝ ነው?»

«ቸርኬ እግር አውጥቶ አይሄድማ።»

«እንግዲያው ያስወግዙ! እኔ እንደሆንኩ አልፈራም።»

«አስወግዛለሁ! ምን ይለኛል ይሄ!»

ለይታይሽ ስነግራት «ለአንድ ብረት ሰው ይወገዛል? ይተዉት» አለችኝ። የሴት ሆድ ብዬ አለፍኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 5

የነፍስ አባታችን ቄስ አለባቸው ዘንድ ሄድኩ። ሊያበርዱኝ ሞከሩ። «አስብበት እንጂ። ግዝት ቤት አይመርጥም። አንተም ይታይሽም ቆራቢዎች ናችሁ።»

«የቤቴም ሰው ቢሆን ይያዘው!» አልኩ። ስማቸው ኋላ አዳላ እንዳይለኝ።

የመኪናዋን የኋላ መስታወት ለሱቅ መስኮት ሸጥኩ። ደግ ቀን ነው። ይታይሽ ግን ዛሬ እጇ ከብዷታል፣ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ካልነገርኳት አትጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱ ተነገረ። የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ ሰምቶ የደበቀ፣ ወጥቶ እስኪናገር ከቁርባን የተለየ ይሁን ተባለ። ሕዝቡ «ይሁን!» አለ። የእኔ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር። ስማቸው ቀና ብሎ ቆሞ ሰማ፤ ዐይኑን እንኳ አልሰበረም። የሌባ ድፍረት ይሉሃል ይሄ ነው።

ይታይሽ ራሴን አመመኝ ብላ እህል አልቀመሰችም። በቃ፣ የዛሬው ይኸው ነው።

እሱ ያላለው፣ እኔ የምጽፈው፦ ቸርኬውን የወሰድኩት እኔ ይታይሽ ነኝ። ፊት ለፊት ልናገር ብል አፌ እምቢ አለኝ። ነገ ሳነብለት ይሰማዋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

አነበበችልኝ። እኔ ያልኩት አልቆ ያላልኩት መጣ። ድገሚው አልኳት። ደገመችው።

ነሐሴ ላይ የሳንባ ምች ይዞኝ ሆስፒታል ስተኛ ተስላ ኖሯል። ክርስትና የተነሳችበት ቤተ ክርስቲያን ሮብ ገበያ ከምትባለው የገጠር ከተማ አጠገብ ነው፤ ደወላቸው ተሰንጥቆ ቅዳሴ ሲገባ የሚሰማ የለም። ከዳነልኝ ደወል አስገባለሁ ብላ፣ ስድን ቸርኬውን በነጠላ ጠቅልላ በአውቶቡስ ወሰደችው። ቸርኬ ተሰቅሎ በብረት ሲመታ እንደ ደወል ይጮሃላ!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ምን ሊሉኝ? ‹ያዳነኝ መርፌው ነው› ይሉ ነበር።»

እውነቷን ነው፣ እል ነበር።

«ሄደሽ አምጪው!» ብዬ ጮህኩባት። «እሺ» ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ያ እሺታዋ አንጀቴን በላው። ተቀመጪ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ሁለታችንም ቄስ አለባቸው ፊት ቆምን። እሷ እያለቀሰች ተናገረች።

«ንብረቱ የሁለታችሁ ነው» አሉኝ፣ «ግን ሳትነግርህ ወስዳለች። አንተ ከፈቀድህ ስለት ነው፤ ካልፈቀድህ ሄዳ ትመልስ።»

አበጀ ትዝ አለኝ። ብሩም ትዝ አለኝ። እሷ አንገቷን ደፍታለች።

«ፈቅጃለሁ። ይደወልበት» አልኩ።

ፈቷት። አርባ ስግደት አዘዟት፤ ቅዳሜ ሚካኤል ነው፣ ትቆርባለች። እኔም መስቀል ልሳለም ስጠጋ እጃቸውን መለስ አደረጉ። «አንተ ቆይ። ንጹሕ ሰው ሌባ ብለህ አዋርደህ አትቆርብም። መጀመሪያ ከስማቸው ታረቅ።»

እኔን! በስተርጅና!

ይቺንም ጻፊያት ይታይሽ። «እየጻፍኩ ነው» ትላለች። እየሳቀች ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አበጀ ሦስቱን ቸርኬ አልፈልግም ብሎ ሄደ። ይሂድ።

ትናንት ሁለት ጊዜ እስከ ጋራዡ በር ደርሼ ተመልሻለሁ። ዛሬ ገባሁ። ስማቸው መኪና ሥር ተጋድሟል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ለእግሩ መናገር ቀለለኝ።

«ቸርኬው ተገኝቷል። የወሰደችው ሚስቴ ናት። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያዩኛል። ስማቸው እጁን ከሥር አወጣ። «አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ያቀብሉኝ።»

ቁጥር የት አውቄ! ያቀበልኩትን የመጀመሪያውን መለሰው። ሁለተኛውንም። ሠራተኛው ሊያግዘኝ ሲል «ተወው፣ ጋሼ ራሳቸው ያቀብሉኝ» አለው። ሦስተኛውን ያዘው። እንዲህ እያለ ከሰዓቱን ሙሉ አሠራኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ የምትል ቃል ግን ከአፉ አልወጣችም።

ልሄድ ስነሳ ከሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ነገ ሚካኤል ነው አይደል? ጠዋት ስታልፉ በሬን አንኳኩልኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ይቺ ይቅርታ ናት ወይስ አይደለችም? ይታይሽን ጠየቅኋት።

«ጠዋት ያንኳኩ፣ ያኔ ይታወቃል» አለችኝ።