አባባ የፓንክ ካሴት ሲሰሙ

ኅዳር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ አዋሳ

መናኸሪያ አጠገብ ባለው ካሴት ቤቴ መስታወት ላይ፣ ፓንክ ስለሚባለው ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ፣ ስለ አንድ የእንግሊዝ አልበም ጽፌ የለጠፍኩትን ሂስ አባባ ዛሬ አነበቡት። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ስለሆኑ «ቅደጂው» ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እስቲ አሰሚኝ» አሉ።

ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ይሄ እኮ ጩኸት ነው። ምኑን ወደሽው ነው ያሞገስሽው?»

«ሙዚቀኞቹ ችሎታ የላቸውም፤ የሚሉትን ግን ከልባቸው ነው የሚሉት» አልኳቸው።

አባባ ወደ መስታወቱ ዞረው ሂሱን እንደገና አነበቡት።

«የኔ መዘምራን ችሎታው አላቸው» አሉ በመጨረሻ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ላይ መጥተሽ ስሚያቸው። የጎደላቸውን ንገሪኝ።»

እሺ ብያለሁ። ለአባባ ብዬ የማለዝበው ቃል አይኖርም።