ተራራውን በሐኪም የሞሉት ዶክተር ኬኔዌ ሴፎሊ

ዶክተር ኬኔዌ ሴፎሊ ከአባታቸው ከአቶ ሌቢትሶ ሴፎሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማኬኔዌ፣ በሌሶቶ ተራሮች በሃ ራሞሎ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ተወለዱ። እኔ ታናሽ እህታቸው በጀርባቸው ታዝዬ ያደግሁ ነኝና ባዳላ አይፈረድብኝም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን ቆላ ወርደው ተከታተሉ። በ1968 እናታችን ምጥ ጸንቶባቸው፣ ሐኪም ያለበት ከተማ በፈረስ የሁለት ቀን መንገድ ነበርና፣ መንገድ ላይ አረፉ። እህቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሕክምና ትምህርት ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ያንን ቂም ይዘው ነው የሄዱት።

በ1979 ተመልሰው የመንደራችን ክሊኒክ ኃላፊ ሆኑ። ግን ምን ያደርጋል፣ በገቡ በወሩ ጉድ ሠሩ። አራስ ባለችበት ቤት ክዳን ላይ «ባዳ አይግባ» የሚለው የአገራችን ምልክት፣ ሸምበቆው፣ ተሰክቶ እያዩ «ሐኪም ነኝ» ብለው ዘው አሉ። የአራሷ አያት ወይዘሮ ማፑሌንግ «አንቺ የሌቢትሶ ልጅ! ዓይንሽን ባሕር ማዶ ጥለሽው መጣሽ? ውጪልኝ!» ብለው አባረሯቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ታማሚ ክሊኒኩን አልረገጠም።

እህቴ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ ለይቅርታ ከዚያ ቤት ደጅ ሦስት ቀን ጠኑ። በአራተኛው ቀን ሕፃኑን አተኮሰው። አሮጊቷ ከውስጥ «በይ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። እህቴ ከደጅ እየነገሩ፣ መድኃኒቱን በበር እያቀበሉ፣ በአያቲቱ እጅ ሕፃኑን አዳኑ።

በ1982 ከመምህር ሴኮአይ ጋር ተጋብተው ፑሴሌትሶንና ሞጻማይን ወለዱ።

በ1986 ለገጠር የሚሆኑ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመሩ። ሠልጣኙ ስድስት ወር ገበሬ ቤት ያድራል፣ የበቆሎ ገንፎ ይበላል፣ ፈረስ ይለምዳል። መውደቅ ማለፉን የሚወስኑት ደግሞ ወይዘሮ ማፑሌንግና ባልንጀሮቻቸው ነበሩ! ዋና ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት «በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐኪም እንኳ ተራራው ላይ ካልቀረ እንዘጋዋለን» አለ። በረዶው ሲጥል ከስምንቱ ሠልጣኞች ሰባቱ ጓዛቸውን ሸክፈው ወረዱ። እህቴ አለቀሱ፤ አይቻቸዋለሁ።

በ1991 የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የቀረው ከፈረስ ሁለቴ የወደቀው ዶክተር ፓኪሶ ብቻ ነበር። «መቼ ነው የምትወርደው?» ቢለው «ወዴት? አሮጊቶቹ ገና ትናንት አሳልፈውኝ!» ሲል መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። ማሠልጠኛው አልተዘጋም። እህቴ ስልሳ አራት ሐኪሞች አፍርተዋል፤ አርባ አንዱ ተራራው ላይ ቀርተዋል። በእኛ ሸለቆ ከ2004 ወዲህ አንዲትም እናት በምጥ መንገድ ላይ አልቀረችም።

ዶክተር ኬኔዌ ባደረባቸው የልብ ሕመም ወደ ከተማ መወሰድን እምቢ ብለው፣ በገዛ ተማሪያቸው በዶክተር ፓኪሶ ሲረዱ ቆይተው፣ ሰኔ 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።

ለቀስተኛ ሆይ፣ ከአርባ አንዱ ሐኪሞች አንዱን እንኳ እዚህ ብታጡ አትቀየሙ። «በእኔ ቀብር ሰበብ አንድ ክሊኒክ እንዳይዘጋ» ብለው ተናዝዘዋል። ዶክተር ፓኪሶም ዓይናቸውን ከድኖ ወደ ታማሚዎቹ ተመልሷል። አንድም አልመጣም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።