እኔና አባትሽ ተፋትተናል

ብራሽ ፎርክ
እሑድ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2023

ውድ ልጄ ማርላ፣

ይህ ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ ዌሊንግተን እስኪደርስሽ እዚህ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ይጨርሳሉ፤ አንቺ ጋ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀሪውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

መደወል እችል ነበር። ግን ስንደዋወል ስለ አየሩና ስለ ጎረቤታችን ስለ ፍሬዳ ድመት አውርተን እንዘጋዋለን፤ ዋናው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ።

እኔና አባትሽ ተፋትተናል። በሕግ፣ ዳኛ ፊት ቀርበን። አሁን በገዛ እጄ ጽፌው ሳየው እንኳ የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኛል። ሌላ ሴት መጣች ብለሽ እንዳታስቢ፤ አባትሽ በዛሬ እግሩ እንኳን ሌላ ሴት ዘንድ፣ መታጠቢያ ቤትም በሰው ድጋፍ ነው የሚሄደው። ተጣልተንም አይደለም። ከየት እንደጀመረ ልንገርሽ።

አምና በዚህ ወቅት ጡረተኛ መምህራንን በሙሉ ትምህርት ቤቱ የምግብ አዳራሽ ሰበሰቡን። ለልጆች በተሠሩት ትንንሽ አግዳሚዎች ላይ ጉልበታችን አገጫችን እየደረሰ ተኮልኩለን ተቀመጥን። ከዋና ከተማው፣ ከጡረታ ቦርዱ የተላከች አንዲት ወጣት ነበረች፤ ድምፅዋ ማር ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ የለመድነው የጤና መድን ቀርቶ አንድ የግል ኩባንያ እንደሚረከበን ነገረችን። የጡረታው ዓመታዊ ጭማሪም ፈንዱ እስኪያገግም ይቆማል አለች። በሥራ ዘመናችን ደመወዛችን ትንሽ ነው ባልን ቁጥር “ግድ የለም፣ በእርጅናችሁ መድኑና ጡረታው ይክሳችኋል” ሲሉን ነው የኖሩት። 

ሙዚቃ ታስተምር የነበረችው ፍሬዳ ክሪች፣ “ልጄ፣ ይህ ነገር ተወስኗል ወይስ እየጠየቃችሁን ነው?” አለቻት።

“ተወስኗል። እኔ ላስረዳችሁ ነው የመጣሁት።”

አባትሽ እጁን አወጣ። ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሥነ ዜጋ ያስተማረ ሰው እጁን ሳያወጣ አይናገርም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። “ሐኪሜ ያስፈልገዋል ቢል፣ ኩባንያው ደግሞ አያስፈልገውም ቢል፣ የማን ቃል ነው የሚጸናው?”

“ሁለቱ ተባብረው ነው የሚሠሩት፣ ጌታዬ።”

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ “ይህን መልስ ፈተና ላይ ብትጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጣት” አለኝ። ሳቅን። ያኔ ገና መሳቅ እንችል ነበር።

የእጁ መንቀጥቀጥ የፓርኪንሰን በሽታ መሆኑን ታውቂያለሽ። የማታውቂው በጁን ወር መውደቁን ነው፤ አትንገሪያት ብሎኝ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አንሸራተተውና ዳሌው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። ከዚያ ማገገሚያ አስገቡት፤ ሁለት ጠንካራ ልጆች ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው መራመድ ያለማምዱት ጀመር። እየተሻለው ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አንድ ማክሰኞ ሾርባ ይዤለት ስገባ የማገገሚያው ሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። “ሚስስ ስታምፐር፣ መድኑ ከሐሙስ ወዲያ አልከፍልም ብሏል። ቤቱ መግባት ይችላል ይላሉ።”

 ሾርባው በእጄ እንዳለ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ ደገመችልኝ። አባትሽ እኮ ብቻውን አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ እንኳ አይችልም ነበር። ያለማምዱት የነበሩት ልጆች ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩና አቀረቀሩ።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ብዙ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንድ ሰው አገኘሁ።

“የመጣልኝ ሪፖርት ባለቤትዎ ከአልጋው እስከ በሩ ተራምደዋል ይላል።”

“ሁለት ሰው ተሸክሞት ነው።”

“ተራምደዋል ነው የሚለው፣ እመቤቴ።”

“አንተ አይተኸዋል?”

“ማየት የእኔ ሥራ አይደለም።”

በትሕትና ነው የተናገረው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይግባኝ አልን፤ ሐኪሙም ጻፈልን፤ አይሆንም አሉ።

ቤት አመጣሁት። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ ማርላ፤ አባትሽ ደግሞ ቢከሳም አጥንቱ ከባድ ነው። ሲወድቅ ማንሳት ስለማልችል ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰው ለማንሳትም የሚጠሩትን የእሳት አደጋ ልጆች እጠብቃለሁ። አንደኛው ሲያነሳው፣ “መምህር፣ እኔን የሕገ መንግሥቱን መግቢያ በቃሌ አስጠንተውኝ ነበር” አለው።

“ታስታውሰዋለህ?”

“ኧረ በጭራሽ።”

ሁለቱ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

በዚህ መቀጠል እንደማንችል ሲገባኝ ስለ አረጋውያን መንከባከቢያ ልንጠይቅ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ለእንዲህ ያለው ቤት አዲሱ መድን ቀርቶ የድሮውም አይከፍልለትም ነበር። መንግሥት የሚከፍለው ምንም ለሌለው ሰው ነው። ባልና ሚስት ደግሞ በሕግ ዓይን አንድ ኪስ ናቸው። ያጠራቀምነው፣ እናቴ ያወረሰችኝ የወንዙ ዳር መሬት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም መሟጠጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚቀረኝ ያ ጭማሪው የቆመ ጡረታዬ ነው።

“ሌላ መንገድ የለም?” አልኩት።

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። “አለ። ለሰው መምከር ግን ያሳፍረኛል። የተፋቱ ሰዎች አንድ ኪስ አይደሉም።”

አባትሽ በማግስቱ ቁርስ ላይ የበቆሎ ዳቦ ስቆርስለት “ኦሊታ፣ እንፋታ” አለኝ። ቅቤ አቀብዪኝ በሚልበት ድምፅ።

“ትቀልዳለህ?”

“አልቀልድም። ሕግ ነው።”

“እግዚአብሔር ፊት የገባሁት ቃልስ?”

“እግዚአብሔር የመድን ኩባንያውን ያውቀዋል፤ አይቀየምሽም።”

“ቨርሊን፣ ዝም ብለህ ዳቦህን ብላ።”

ይህን የሚለኝ ማን እንደሆነ አስቢው። አንቺ ከባልሽ ስትለያዪ “በእኛ ቤት ቃል አይፈርስም” ብሎ ስልክ የዘጋብሽ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን ያልሰማ ሰው ነው። ያ ሰው በየቀኑ ማለዳ እንፋታ ይለኛል። እኔ በየቀኑ እምቢ እላለሁ።

ሴፕቴምበር ውስጥ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የሚቀመጥበትን ወንበር ትራስ ላራግፍ ሳነሳ ክኒኖች ወለሉ ላይ ተበተኑ። እኔው ጠዋት ጠዋት በእጄ የሰጠሁት፣ እኔ እያየሁት ውሃ የጠጣበት ክኒን። መጀመሪያ ምን እንደማይ አልገባኝም። ሲገባኝ እዚያው ክኒኑ መሃል ተቀመጥኩ።

“ቨርሊን፣ ይህ ምንድን ነው?”

መስኮቱን እያየ፣ “እኔ ቶሎ ካለቅሁ መሬቱ አያልቅም” አለኝ።

ማርላ፣ እናቴ የሞተች ቀን እንደዚያ አልደነገጥኩም። አብሬው ያረጀሁት ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ በእኔው ቤት፣ እኔው ባቀረብኩለት ውሃ፣ ራሱን ቀስ በቀስ እያወጣ ሲጥል አላየሁም። ማልቀስም አልመጣልኝም።

“እሺ” አልኩት። “እንፋታለን። አሁን ክኒንህን ዋጥ።”

ዋጠ። አፉን አስከፈትኩት፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ምላሱን አንስቶ አሳየኝ።

ፍርድ ቤት የቀረብን ዕለት ያን የሠርግ ልብስ የሚመስለውን ግራጫ ሱፉን ልበስ አልኩት፤ ለቀብሬ ይሁን ብሎ ሌላ ለበሰ። ዳኛው ክሊንት ባውን ነው፤ የአባትሽ ተማሪ የነበረ። ከወንበሩ ሊነሳለት ምንም አልቀረው።

“መምህር ስታምፐር፣ እውነቱን ብቻ ለመናገር ምለዋል። ትዳርዎ ሊጠገን በማይችል ሁኔታ ፈርሷል?”

“አዎን፣ ክቡር ዳኛ።” ድምፁ ክፍል ውስጥ የምናውቀው ድምፅ ነበር። ያ ሰው አብረን ስንኖር አንድ ጊዜም ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ፊቱን ማየት አቃተኝ።

“እርስዎስ፣ ሚስስ ስታምፐር?”

ወደ አባትሽ ዞርኩ።  አባትሽ እጄን ከጠረጴዛው በታች ይዞኛል፤ ያዘኝ ስልሽ፣ መንቀጥቀጡ ጠረጴዛውን እያንኳኳው ነው። ጎንበስ ብሎ “ተማሪዬ ፊት አታሳፍሪኝ” አለኝ።

“አዎን” አልኩ።

ክሊንት ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ለጸሐፊዋ፣ “እጅ ለእጅ መያያዛቸውን ይህ ችሎት አላየም” አላት። ፈረመ። አለቀ። ልጆች ከክፍል ለመውጣት ከሚፈጅባቸው ጊዜ ባነሰ።

አሁን አባትሽ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው መንከባከቢያ ነው። ክፍሉን የሚጋራው አንድ የድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነው። እኔ ስገባ አባትሽ “ተነስ እንጂ፣ የሴት ጓደኛዬ መጣች” ይለዋል። ቆፋሪው “ለአንተ ትበዛብሃለች፣ ቆንጆ ናት” ይላል። በዚህ ተጽናንቼ እየኖርኩ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ምች ያዘውና በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔም ተከትዬ በረርኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ “ምኑ ነዎት?” አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የለመድኩትን ቃል ልል ስል ቆምኩ።

“የቀድሞ ሚስቱ” አልኩ። ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

“ይቅርታ እናቴ፣ እንግዲያው ምንም ልነግርዎት አልችልም። ስለ ሕክምናው እንድትወስን የወከሉት ሴት ልጃቸውን ነው። ወደ ውጭ አገር ስልኳ ደውለናል፤ አታነሳም።”

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ጠበቃው ቢሮ፣ መናገር ሲያቅተው ስለ እሱ የሚወስን ሰው እንዲሰይም ሲጠየቅ እኔ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ማንን ሰየምህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ከእኔ ሌላ ማንን ይሰይማል ብዬ። እዚያ መስኮት ላይ፣ ተሰልፈው ከሚጠብቁ ሰዎች ፊት፣ እኔ ለአባትሽ ማንም አለመሆኔን ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ነቅቶ ጥሯት ሲላቸው አስገቡኝ። እንዴት ነህ እንኳ አላልኩትም። “ለምን እኔን አላደረግህም?” አልኩት።

የኦክስጅኑን ጭንብል ዝቅ አደረገ። “አንቺ አትለቂኝም፣ ኦሊታ። ማርላ አንድ ነገር ሲያበቃ ታውቃለች። ከባሏ ስትለያይ ይህ አልገባኝም ነበር።”

“ደውለህ ንገራታ።”

“ምን ብዬ?” አለና ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን መንከባከቢያው ተመልሷል። ደክሟል። ጉንፋን ነው ብዬ ልሸነግልሽ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ አለው፤ የሚጠይቀው ደግሞ እኔን አይደለም፣ አንቺን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መተንፈስ ሲያቅተው የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያድርጉት ወይስ ይተዉት። ምን እንደምትመልሺ አልነግርሽም። አባትሽ ልክ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ዓለም እስኪያልፍ መሣሪያው ላይ አቆዩት ነው የምለው። ስለዚህ ከዚህ አገር የማታውቂው ቁጥር ሲደውል፣ በምንም ሰዓት ይሁን፣ አንሺው። ከዚያ ለእኔ ደውይልኝ፤ ከአንቺ ሌላ የሚነግረኝ የለም።

ነይ አልልሽም። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ሥራሽም እንደማይለቅሽ አውቃለሁ። ከረፋድ እስከ ምሳ ያለው ጊዜ ለእሱ ጥሩው ሰዓት ነው፤ ያኔ ሰው ይለያል፣ ቀልዱም አለ። ይህን እንዲሁ እንድታውቂው ነው።

እግዚአብሔር በዚያ ሩቅ ምድር ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተል። የምትወስኚውን ስትወስኚ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ከወሰንሽም በኋላ እንቅልፍ አይንሳሽ። እወድሻለሁ። እሱም ይወድሻል፤ ይህን አባትሽ እንድጽፍልሽ አላዘዘኝም።

እናትሽ
ኦሊታ ስታምፐር

ክሊንት ከመፈረሙ በፊት “የባልዎን ስም ትተው ወደ ልጅነትዎ የቤተሰብ ስም መመለስ ይፈልጋሉ?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያን ዕለት እምቢ ያልኩት ይህን ብቻ ነው።